ለፊት የሚራራ ብርሃን

ልጄ፣ ካሜራ መያዝ መጀመርህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ስለ ቅርብ ምስል የማውቀውን ልንገርህ። ሰው ፊቱን አስጠግቶ ሲሰጥህ አምኖህ ነው።

1. ፊልተር ከመግዛትህ በፊት መብራትህን አለስልስ። ጥላ የሚለዝበው መብራቱ ከፊቱ አንጻር ሰፍቶ ሲታይ ነው። ፀሐይ ግዙፍ ብትሆንም ከርቀቷ የተነሳ ሰማይ ላይ ትንሽ ክብ ናት፤ ስለዚህ የጥላዋ ጠርዝ የተሳለ ነው። ደመና ሲጋርዳት ግን ሰማዩ በሙሉ መብራት ይሆናል። ሶፍትቦክስም (መብራቱን በጨርቅ የሚያለሰልስ ሳጥን) እንዲሁ ነው፦ የአንድ ሜትሩ ሶፍትቦክስ ሲቀርብ ለስላሳ ነው፣ አራት ሜትር ሲርቅ ይከርራል። ምስሉ ውስጥ ሊገባ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አስጠጋው። ገንዘብ ካጠረህ ሁለት ሜትር አቡጀዲ በእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥርና መብራቱን ከኋላው አርቀህ አብራ። ብርሃኑ ጨርቁን ከዳር እስከ ዳር ካልሞላው መወጠርህ ከንቱ ነው።

2. ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ውስጥ አትቅረጽ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ ለብዙው የዓመቱ ክፍል ፀሐይዋ ወደ አናት ተጠግታ ትቆማለች፤ ዓይን ጥላ ውስጥ ይሰምጣል። የምትቀርጻቸውን ሰዎች በረንዳ ሥር አስገባና ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙር።

3. ስለ እኛ ቆዳ አጥብቄ የምነግርህ አለ። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው ‘ሸርሊ’ የሚባለው የቀለም መለኪያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበር። ስለዚህ የእኛን ፊት ማብራት በራሳችን ዓይን መማር አለብን። የፊልም ቀራጩ ብራድፎርድ ያንግ በ2014 እ.ኤ.አ. ‘ሰልማ’ ፊልም ላይ ያበራበትን መንገድ ደጋግመህ እይ። ጠቆር ያለ ቆዳ የብርሃኑን ምንጭ ያንጸባርቃል፤ ትንሽ አምፖል ግንባር ላይ የምትወጋ ነጭ ነጥብ ትሆናለች፣ ሰፊ ጨርቅ ግን የጉንጩን ቅርጽ የሚያሳይ ወዝ ይሆናል። ፊቱ ጨለመ ብለህ ዋት አትጨምር፤ ምንጩን አስፋ፣ ትንሽም ወደ ጎን ውሰደው። የምትቀርጻት ሙሽራ ነጭ ነጠላ ከለበሰች ደግሞ ካሜራው በራሱ ሲለካ ነጩን ለማዳን ፊቷን ያጠቁራል። አውቶማቲኩን አጥፋና ጉንጯ ላይ ለካ። ነጠላው ከመጠን በላይ የሚነጣ ከሆነ በመብራቱና በትከሻዋ መካከል ጥቁር ጨርቅ ጋርድ።

4. በሰፊ ሌንስ ተጠግተህ አታንሳ፤ አፍንጫ ይገዝፋል። በፉል ፍሬም ካሜራ 85 ሚሊሜትር ይበቃሃል። በስልክም ቢሆን ራቅ በልና በቴሌፎቶ ሌንሱ አንሳ።

5. አሁን ወደ ፊልተሩ። የቲፈን ኩባንያ ‘ብላክ ፕሮ ሚስት’ ፊልተር ከ1/8 ጀምሮ በ1/4፣ በ1/2 እያለ ይጠነክራል። የደማቅ ቦታዎችን ብርሃን ጥቂት በትኖ በዙሪያቸው ጭጋግ ያኖራል፣ የቆዳንም ሻካራነት ያለዝባል። በ1/8 ጀምር፤ ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ውጤቱ ይበረታል። ከጀርባ መስኮት ካለ ደግሞ ብርሃኑ ምስሉን ሊያጥበው ይችላል። የቀድሞ ባለሙያዎች ጥቁር የሐር ስቶኪንግ ከሌንሱ ኋላ ይወጥሩ ነበር፤ ነጭ ስቶኪንግ ጥላውን ያገረጣል፣ ጥቁሩ ግን ጥልቀቱን ይበልጥ ይጠብቃል። ውጤቱን በትልቅ ስክሪን ፈትሽ፤ ትንሿ ስክሪን ታታልላለች።

6. የፊልም ቀራጩ ሊ ጋርምስ በ1932 እ.ኤ.አ. በ‘ሻንጋይ ኤክስፕረስ’ ፊልም ተዋናይቷን ማርሌን ዲትሪክን ከፊት ለፊት፣ ከፍ ካለ መብራት ሥር አቁሞ ጉንጯን አጥልቆ አሳይቷል። ውብ ነው፤ ዓይናቸው ጎድጎድ ላለ ሰዎች ግን መብራቱን ዝቅ አድርገው። ሌላው ቀራጭ ሉሲየን ባላርድ ደግሞ በተዋናይቷ መርል ኦበሮን ፊት ላይ የነበረውን ጠባሳ እንዲሰውር ከሌንሱ ጎን ትንሽ መብራት አቆመ፤ ‘ኦቢ’ ይባላል። ብርሃኑ ከሌንሱ አቅጣጫ ሲመጣ ጥላው ለሌንሱ አይታይም።

7. አረጋውያን ላይ ፊልተር አልወድም። ሰፊና ቅርብ ብርሃን ይበቃቸዋል፤ መስመራቸውን ካጠፋህ ማን እንደሆኑ ይጠፋል። ከመቅረጽህ በፊት ምስላቸውን አሳያቸው። የማይወዱት ጎን ካለ ይነግሩሃል፣ አንተም መብራቱን ወደ ሌላው ጎን ታዞራለህ።