ጎርፍ የመታው ሰፈር ጤና እንዴት ይጠና?

የድሬዳዋ ሰው የደቻቱ ወንዝን ጠባይ ያውቀዋል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ከሐረርጌ ደጋ ዝናብ ሲወርድ ግን በድንገት ይሞላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሰው በተኛበት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሎ ሺዎችን አፈናቀለ። እንዲህ ካለ አደጋ የተረፉትን ሰዎች ጤና ማጥናት ለምትፈልጉ የሥራውን አካሄድ ልንገራችሁ።

የሥነ ምግባር ፈቃዱን፣ የቀበሌውን ደብዳቤና የመጠይቁን ትርጉም ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ድሬዳዋ ከሆነ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ።

ከባዱ ነገር ማን ይጠየቅ የሚለው ነው። ብዙ አጥኚ ከቀበሌ የነዋሪዎችን መዝገብ ይቀበልና ከዚያ ላይ ዕጣ ያወጣል። ጥናቱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ ላይ ያለው ባለመታወቂያው ነዋሪ ነው። ወንዝ ዳር ርካሽ ክፍል የተከራየው የቀን ሠራተኛ፣ ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ፣ ዘመድ ቤት የተጠጋው ወጣት ብዙውን ጊዜ እዚያ የሉም። ጎርፉ ግን ቀድሞ የሚያገኘው እነሱን ነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ሰፈሩን ለቆ መሄዱ ነው። ቤቱ ፈርሷል፤ ወይ መጠለያ ገብቷል፣ ወይ ሌላ ከተማ ዘመድ ዘንድ ሄዷል። እናንተ በር አንኳኩታችሁ የምታገኙት ቤቱ የተረፈለትን ወይም ከጎርፉ በኋላ የገባውን አዲስ ተከራይ ነው። መረጃው ሲደመር ሰፈሩ ጤነኛ ይመስላል። በዚህ ቁጥር ላይ ተመርኩዞ ክሊኒክ ይዘጋል፣ መድኃኒት ወደ ሌላ ቦታ ይላካል።

ስለዚህ ዝርዝሩን ራሳችሁ ሥሩት። “አሁን እዚህ ማን ይኖራል?” አትበሉ፤ “ጎርፉ የመጣ ለት እዚህ ማን አድሮ ነበር?” በሉ። የቀበሌውን መዝገብ ከእድሩ መዝገብ፣ ከመጠለያው ምዝገባና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከያዘችው የቤተሰብ መረጃ ጋር አስተያዩ። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው የሰፈሩን ባለሱቅ ነው። በዱቤ ስለሚሸጥ የትኛው ግቢ ስንት ተከራይ እንደነበረው፣ ማን ወዴት እንደሄደ ያውቃል። የዱቤ ደብተሩን ግን አሳየኝ አትበሉት፤ የሰው ዕዳ የእናንተ ጉዳይ አይደለም። የሄዱት ሰዎች ስልክ ቁጥር ካለውም መጀመሪያ ራሱ ደውሎ ባለስልኩን ያስፈቅድላችሁ።

የሄዱትን እስካሉበት ተከተሏቸው። ያጣችሁትን ቤተሰብ በጎረቤቱ አትተኩ፣ አደራ! መረጃ ሰብሳቢ ፀሐይ ሲበረታበት የሚያደርገው ይህንኑ ነውና አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ። “አልተገኘም” ብላችሁ ከነምክንያቱ መዝግቡ፤ ቁጥሩንም ሪፖርቱ ላይ አውጡት። ለማነጻጸሪያ ኑሯቸው ተመሳሳይ ሆኖ ውኃ ያልገባባቸውን ቤቶች ከዚያው ቀበሌ ምረጡ።

ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ለተጎጂ የእርዳታ መዝጋቢ ነው የሚመስለው። ከሰላምታ ቀጥሎ በዚህ መጠይቅ ስንዴም ብርድ ልብስም እንደማይመጣ በግልጽ ተናገሩ።

“ጎርፍ ነክቷችሁ ነበር?” የሚል ጥያቄ ብቻውን አይጠቅምም። ግድግዳው ላይ ጭቃው የተወውን መስመር ከወለሉ ጀምራችሁ ለኩ። ግድግዳው ተቀብቶ ከሆነ ሰውየው ቆሞ ውኃው የደረሰበትን በእጁ ያሳያችሁ፤ እዚያ ድረስ ለኩ። ውኃው ስንት ቀን እንደተኛ፣ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ፈስሶ እንደሆነ፣ ጭቃውን በባዶ እግሩ የጠረገው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የአይጥ ሽንት የነካው ውኃና ጭቃ በተላጠ ቆዳ በኩል ሌፕቶስፓይሮሲስ ያስይዛልና የመጨረሻዋ ጥያቄ አትዘለል።

የውኃ ናሙና ከቧንቧው ላይ ብቻ አትውሰዱ፤ ቧንቧው ንጹሕ ሆኖ ጀሪካኑ የተበከለበት ቤት ብዙ ነው። “ለራሳችሁ እንደምትጠጡት ቅዱልኝ” በሉና በቤቱ ኩባያ የመጣላችሁን 100 ሚሊ ሊትር ከጀርም የጸዳ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጡ። ክሎሪኑን እዚያው ለኩ፤ በሊትር ከ0.2 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ውኃው መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል። ለኢ. ኮላይ የሚመረመረው በበረዶ ሳጥን ሆኖ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ።

ተቅማጥን ስትጠይቁ በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ መሆኑን አስረዱ፤ ካለፉት 2 ሳምንታት ወደ ኋላ አትሂዱ፣ ሰው ይረሳል። ለቆየ ነገር ቀን ከመጠየቅ ቡሄን፣ እንቁጣጣሽን ወይም ረመዳንን ምልክት አድርጉ።

አንድ ጊዜ ሄዳችሁ አትቅሩ። ተቅማጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታያል፤ ወባና ደንጌ ውኃው ከተኛ በኋላ፣ ከ1 እስከ 2 ወር ቆይተው ይመጣሉ። የትንኝ እጭ ስትፈልጉ ኩሬውን ብቻ አትዩ፣ የበርሜሉን ክዳንም ክፈቱ። ድሬዳዋን በ2014 ዓ.ም. ከመታት የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ ሰው ባጠራቀመው ውኃ ውስጥም ትራባለች።

ሐዘኑና ፍርሃቱ ደግሞ ወራት ይቆያሉ። ድብርት ካለ ለመለየት በአማርኛ የተፈተሸው ባለ 9 ጥያቄ መለኪያ ይበቃል። ዘጠነኛዋ ጥያቄ ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ ናት። “አዎ” ያለን ሰው በዚያው ቀን የሚቀበል ባለሙያ ሳታዘጋጁ አንድም ቤት አትግቡ። የምትጠይቁት ሰው ልጁን ወይም እናቱን ውኃ ወስዶበት ሊሆን ይችላል። ካለቀሰ መጠይቁን እጠፉትና አጠገቡ ተቀመጡ፤ ልቀጥል ካለ ይቀጥላል፣ ካላለ ቅጹ ሳይሞላ ይቅር።

የክሎሪኑን ውጤት ከቤቱ ሳትወጡ ንገሩ፤ የላቦራቶሪውን ደግሞ እንደወጣ ለእያንዳንዱ ቤት መልሱ፣ የውኃ ማከሚያ የት እንደሚገኝ ጨምራችሁ።