ምክንያትንና ውጤትን አያይዞ መጻፍ
ባለፈው ትምህርት የመስተጻምርን አገልግሎት ተምራችኋል። አሁን ደግሞ ምክንያትና ውጤት በአንድ አንቀጽ ውስጥ እንዴት እንደሚያያዙ ትመለከታላችሁ። በመጀመሪያ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

የሳንባ ደም ሥር መዘጋት

በእግር ውስጥ ባለ ጥልቅ ደም መልስ ደም ሊረጋ ይችላል። አጥንታቸው ተሰብሮ ወይም ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ለብዙ ቀን የተኙ ሰዎች፣ እንዲሁም አራሶች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። የረጋው ደም ከቦታው ከተነቀለ በልብ በኩል አልፎ የሳንባን ደም ቅዳ ይዘጋል። ስለዚህም በሽተኛው በድንገት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በረጅሙ ሲተነፍስ ደረቱን ይወጋዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ደም የቀላቀለ አክታ ይተፋል። ቤተሰቡ ግን «ውጋት ነው፤ ይለቀዋል» ብሎ ሊያቆየው ይችላል። መቆየቱ አደገኛ የሚሆነው የመጀመሪያውን የረጋ ደም ሌላ ሊከተለው ስለሚችል ነው።

ባሪትና ጆርዳን የተባሉ ሐኪሞች በእንግሊዝ አገር፣ በብሪስቶል ከተማ ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1960 ታትሞ ወጣ። የደም መርጋትን የሚገታ መድኃኒት ካልተሰጣቸው 19 በሽተኞች መካከል 5ቱ በዚሁ በሽታ ሞቱ፤ ሌሎች 5ቱን ደግሞ በሽታው እንደገና ያዛቸው። መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 16 በሽተኞች መካከል ግን በዚህ በሽታ የሞተ አልነበረም።

ማብራሪያ

«ስለዚህም» ከሚለው ቃል በፊት ያለው ምክንያት፣ በኋላ ያለው ውጤት ነው። «ስለሚችል ነው» በሚለው ዐረፍተ ነገር ግን ውጤቱ ቀድሞ ምክንያቱ ተከትሏል፤ ክብደቱም በምክንያቱ ላይ አርፏል።

አሁን እነዚህን ሁለት አነጋገሮች አነጻጽሩ፦

ሀ) «ውጋት አሞኛል።»
ለ) «እግሬ ተሰብሮ ሦስት ሳምንት ከተኛሁ በኋላ ግራ ባቴ አበጠ፤ ትናንት ማታ ደግሞ በድንገት ትንፋሽ አጠረኝ።»

«ውጋት» የስሜቱ ስም እንጂ የበሽታው ስም አይደለም። በሁለተኛው አነጋገር ሐኪሙ ከደረቱ አልፎ እግሩንም እንዲመረምር የሚያደርገው «ከተኛሁ በኋላ» የሚለው ሐረግ ነው። ይሁን እንጂ «ከ…በኋላ» የጊዜን ቅደም ተከተል ብቻ ያመለክታል፤ «ስለ» ግን ምክንያትን ይወስናል። በሽተኛው ቅደም ተከተሉን ሳያዛባ ከተናገረ በቂ ነው፤ ምክንያቱን በምርመራ የሚያረጋግጠው ሐኪሙ ነው። ብዙ ተማሪዎች ሁለቱን ያደባልቃሉና ተጠንቀቁ።

መልመጃ

አንዲት አራስ አንድ እግሯ አብጦ ሳለ በድንገት ትንፋሽ አጠራት። እኅቷ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳት ለነርሷ የምትናገረውን በአምስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። «ከ…በኋላ» የሚለውን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተጠቀሙ፤ «ውጋት» የሚለውን ቃል አታስገቡ።