ምርጊቱ ሲወልቅ፦ የከሰል ምድጃ በክረምት እንዴት ይጠገናል?

መተማ ሲባል አብዛኞቻችሁ የምታስቡት ሁለት ነገር ነው። አንዱ አጼ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት ጦርነት ነው። ሁለተኛው ሰሊጥ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው መተማ ዮሐንስ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ንጉሥም ስለ ሰሊጥም አይደለም፤ አንድ ጣት ውፍረት ስላለው ጭቃ ነው። እንዳትስቁ። ይህ ጭቃ ባለፈው ክረምት የእናቴን ገበያ ሊዘጋው፣ ታናሽ እህቴንም ሊነጥቀን ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

እናቴ መናኸሪያው አካባቢ የጀበና ቡና ትሸጣለች። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ከማዶ የመጡ ደንበኞችም አሏት፤ እነሱ ዝንጅብል የገባበት ቡና ነው የሚወዱት። ሥራዋ ሁሉ የቆመው በአንድ ላቀች ምድጃ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ለዕረፍት ቤት ስገባ "ልጄ፣ ዘንድሮ ከሰሉ እንደ ውሃ እየፈሰሰብኝ ነው" አለችኝ። ድሮ ቀኑን ሙሉ ያደርሳት የነበረው ከሰል ከሰዓት በኋላ ያልቅባታል። የምድጃውን በር ብትዘጋውም ፍሙ አይረጋም። አንስቼ ስነቀንቀው የውስጡ ሸክላ ኳ ኳ ይላል። በሸክላውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ምርጊት ረግፏል ማለት ነው።

ምርጊት ምን ይሠራል?

ላቀች ምድጃ አገራችን ውስጥ መሰራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ሲሆን መነሻው የኬንያው ሸክላ ያለበት ጂኮ ነው። የኬንያውም ቢሆን ሐሳቡን የወሰደው ከታይላንድ የባልዲ ምድጃ ነው። ውጪው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ደግሞ ታች በኩል ቀዳዳ ያለው ሸክላ ነው። ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ከሰል በሩብ ያህል ይቆጥባል ይባልለታል። ይህ ቁጠባ ግን የሚገኘው ምርጊቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ለምን ቢባል፣ ምርጊቱ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ ሸክላው እንዳይነቃነቅና እንዳይሰነጠቅ አቅፎ ይይዘዋል፤ ሙቀቱም ወደ ቆርቆሮው እንዳይሸሽ ይከላከላል። ሁለተኛ አየር ይቆጣጠራል። ምድጃው አየር መሳብ ያለበት በታችኛው በር ብቻ ነው። በሩን ስንዘጋ ፍሙ ይረጋል፤ ስንከፍት ይነዳል። ምርጊቱ ከረገፈ ግን አየር በስንጥቁ ይገባል፤ ያኔ በሩን ዘጋን አልዘጋን ለውጥ የለውም።

ይህ ነገር የላቀች ብቻ አይደለም። የጠላ ጋን አፉ በደንብ ካልተመረገ ጠላው ምን እንደሚሆን እናቶቻችን ያውቃሉ። አክንባሎው ከምጣዱ ጋር ካልገጠመም እንፋሎቱ ያመልጥና እንጀራው ይደርቃል። በውጭ አገር ደግሞ ካማዶ የሚባል ትልቅ የሸክላ ሥጋ መጥበሻ አለ። በክዳኑና በአፉ መካከል ሙቀት የሚችል የጨርቅ ጥብጣብ በሙጫ ይለጠፍበታል። ጥብጣቡ ሲያልቅ ይቀየራል፤ በብርድ ወቅት ግን ሙጫው ቶሎ ስለማይዝ ሥራው ያስቸግራል። የእኛም ችግር ከዚህ ጋር ወንድማማች ነው፤ በክረምት ጭቃ አይደርቅም።

የኔ ስህተት

እኔ ምን አደረግሁ? ከግቢያችን ዋልካ ዝቄ፣ በውሃ ለውሼ፣ ዙሪያውን ጠቀጠቅሁበት። የክረምት ዋልካ እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ማታ ዝናብ ስለነበረ ምድጃውን ቤት አስገባሁ። ቶሎ እንዲደርቅ ብዬም ከሰል ሞልቼ አቀጣጠልኩት። ብርድ እንዳይገባ በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጭቃው ጧ ጧ እያለ መፈንዳት ጀመረ። እሱስ ይሁን። ትንሽ ቆይቶ እህቴ "ራሴን አዞረኝ" ብላ ተኛች፤ ከዚያ አስመለሳት። እኔ ምግብ ነው ብዬ ነበር። እማዬ ከውጭ ስትገባ አንድ ቃል ሳትናገር እህቴን አቅፋ ወደ ዝናቡ አወጣቻት። እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። እህቴ ንጹሕ አየር ስታገኝ ቀስ በቀስ ነቃች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እቤታችን ጭስ አልነበረም፤ ፍሙ ቀይና ንጹሕ ነበር። ያታለለኝም ይኸው ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው፤ የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቅ ይሞታል። ላቀችም ሆነ ሌላ የከሰል ምድጃ ከዚህ አያድንም።

ትክክለኛው አሠራር

በማግስቱ አንድ ብረት ሠሪና ሁለት የሰፈር ሰዎች ጠየቅሁ። "አዲስ ግዛ" አሉኝ። ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት እንዳሉ ግን ትዝ አላለኝም። እውነቱን ልናገርና፣ ሸክላ ሠሪን እንደ አዋቂ የመቁጠር ልማድ ስላልነበረኝ ነው። እማዬ ናት የላከችኝ። ምድጃውን ይዤ "እትዬ፣ እባክዎ ይዩልኝ" ስላቸው ጭቃውን በጥፍራቸው ፈቀፈቅ አደረጉና ሳቁ። "አንተ ልጅ፣ በጭቃ አይቸኮልም። መጀመሪያ ውሃው ይውጣ፤ እሳቱ የት ይሄድብሃል?" አሉኝ። ከዚያ እያሠሩ ያስተማሩኝ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. አሮጌውን ማንሳት። የረገፈው ምርጊት በሙሉ ተፍቆ ይወጣል። በአሮጌው ላይ አዲስ ቢደረብ አብሮ ይወርዳል። ሸክላው ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ምርጊት አያድነውም፤ ሸክላው ይቀየራል።

2ኛ. አፈር መምረጥ። ዋልካ አይሆንም። ውሃ ሲጠጣ በጣም ያብጣል፤ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል። በበጋ እርሻችን ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚፈጠረው በዚሁ ምክንያት ነው። እሳቸው የመረጡት የኩይሳ አፈር ነው፤ እሱ ደግሞ በቆላው ሞልቷል። ሁለት እጅ የኩይሳ አፈር፣ አንድ እጅ ተወቅጦ የተነፋ ገል፣ ጥቂት የደቀቀ ጭድ። ገሉ አንዴ በእሳት ያለፈ ስለሆነ አይኮማተርም፤ ጭቃውን ከመሰንጠቅ ይይዘዋል። ጭዱም እንደ ጅማት ያስተሳስረዋል።

3ኛ. ማሳደር። ጭቃው ጠጠር ብሎ ይለወስና ተሸፍኖ ያድራል። ውሃ በበዛ ቁጥር ሲደርቅ የሚኮማተረውም ይበዛል።

4ኛ. መመረግ። ሸክላው በእርጥብ ጨርቅ ይታሻል፤ ደረቅ ሸክላ የጭቃውን ውሃ መጥጦ እንዳይዝ ያደርገዋል። ከዚያ ጭቃው በአውራ ጣት እየተጫነ በሁለት ዙር ይሞላል። የመጀመሪያው ዙር ሳይጠነክር ሁለተኛው አይደረብም።

5ኛ. ማድረቅ። ዋናው ነገር ይህ ነው። ዝናብ በማይነካው፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይቀመጣል። በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ቆላችን ሁለት ቀን ይበቃል፤ በክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ የእኛ ስድስት ቀን ፈጀ። የሚታየው ስንጥቅ በየቀኑ በቀጭን ጭቃ ይደፈናል።

6ኛ. ማለማመድ። መጀመሪያ ጥቂት ፍም ለግማሽ ሰዓት፣ ደጅ ላይ። ይቀዝቅዝ። በማግስቱ ትንሽ ጨመር። በሦስተኛው ቀን ሙሉ እሳት። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ጭቃው ውስጥ የቀረ ውሃ በአንዴ ሲፈላ መውጫ ስለሚያጣ ያፈነዳዋል። የእኔ ጧ ጧ እሱ ነበር።

7ኛ. መፈተሽ። ይህን የፈጠረችው እማዬ ናት። ምድጃው ሲነድ በሩን ዘግቶ የሚጤስ ዕጣን በምርጊቱ ዙሪያ ማዞር ነው። ጭሱ ወደ ስንጥቅ ከተሳበ አየር ይገባል ማለት ነው። የመተማና የቋራ ዕጣን የታወቀ ነው፤ ለዚህ ሥራም ይጠቅማል ብሎ ያሰበ ግን ያለ አይመስለኝም።

በሲሚንቶስ?

አንዳንድ ጠጋኞች በጭቃው ፈንታ ሲሚንቶ ያለበት ድብልቅ ይጠቀማሉ። ሕጉ ግን ይገለበጣል። ጭቃ የሚጠነክረው ውሃው ሲወጣ ነው፤ ሲሚንቶ ደግሞ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ነው። ስለዚህ ሲሚንቶ ለአንድ ሳምንት ያህል እርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ መቆየት አለበት። እንደ ደባርቅ ባለ ደጋ ብርዱ ይህን ውሕደት ስለሚያዘገየው ቀን መጨመር ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ግን እሱም ደርቆ በትንሽ እሳት ይለማመዳል። በጭቃም ሆነ በሲሚንቶ፣ በብርድና በእርጥብ ወቅት መድኃኒቱ እሳት ማብዛት ሳይሆን ጊዜ መስጠት ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

ስለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ስንጽፍ "ይህን ያህል ከሰል ይቆጥባል" ብለን እንዘጋዋለን። ምርጊቱ ሲወልቅ ምን እንደሚደረግ፣ ማንን መጠየቅ እንደሚሻል፣ ቤት ዘግቶ ማቀጣጠል ሰው እንደሚገድል ግን አንጽፍም። እኔ ይህን ጽሑፍ ሐምሌ ላይ ጻፍ ብባል ኖሮ ብረት ሠሪውን ጠቅሼ "አዲስ ይግዙ" ብዬ እጨርሰው ነበር። አዋቂዋ ሦስት ቤት አልፈው ተቀምጠው ሳለ ማለት ነው። "እንዴት ይሠራል" የሚል ጽሑፍ ከመጻፋችን በፊት እጃችን ጭቃ ይንካ ባይ ነኝ።

ለኮሌጅ ስመለስ የእማዬ ምድጃ በሩ ሲዘጋ ይረጋል፤ ከሰሏም እስከ ማታ ያደርሳታል። እህቴ ግን እስከ ዛሬ ምድጃ ቤት ሲገባ በሩን እሷ ናት የምትከፍተው። ዝናብም ቢሆን።