ጂንን «ዝም ማሰኘት» እና የጨጓራ ካንሰር፦ ታካሚዎች ማወቅ ያለባቸው

«አንድ ጂን ዝም ሲል የጨጓራ ካንሰር ሕዋሳት ማደግ አቆሙ» የሚል ዜና ሰምተው ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የነገሩን ትርጉምና ከእርስዎ ሕክምና ጋር ያለውን ግንኙነት ያስረዳል።

ጂንን ዝም ማሰኘት ምንድን ነው?

ጂን በሕዋስ ውስጥ ያለ መመሪያ ነው። ሕዋሱ መመሪያውን አር ኤን ኤ ወደሚባል መልእክት ገልብጦ ፕሮቲን ይሠራበታል። አንደኛው የማሰኛ ዘዴ መመሪያውን ሳይነኩ መልእክቱን ማጥፋት ነው። ይህን አሠራር በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት አንድሪው ፋየርና ክሬግ ሜሎ በ2006 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በካንሰር ላይ ምን ያደርጋል?

እንደ ኸር-2 ያሉ ጂኖች ሕዋስ እንዲባዛ ይገፋፋሉ። በላቦራቶሪ እንዲህ ያለ ጂን ዝም ሲል የካንሰር ሕዋሳት እድገት ሊቀንስ ይችላል። ሲዲኤች-1 ግን ሕዋሳትን አያይዞ የሚይዝ ጠባቂ ጂን ነው፤ እሱ ዝም ካለ ካንሰሩ በቀላሉ ይስፋፋል። የዚህ ጂን ጉድለት በዘር ሲተላለፍ ለጨጓራ ካንሰር እንደሚያጋልጥ በ1998 በኒው ዚላንድ የማኦሪ ቤተሰቦች ላይ ታውቋል። ስለዚህ ወሳኙ ነገር የትኛው ጂን ዝም አለ የሚለው ነው።

ዛሬ ሕክምናው አለ?

ለጨጓራ ካንሰር በመደበኛነት አይሰጥም። መድኃኒቱን እስከ ካንሰሩ ማድረስ ገና ከባድ ነው። በኤንኤችኤስ የሚሰጠው ኢንክሊሲራን በዚህ መንገድ ቢሠራም የሚያገለግለው ለኮሌስትሮል ነው። እባክዎ አዲሱን መድኃኒት ልጠብቅ ብለው የቀዶ ሕክምና ወይም የኬሞቴራፒ ቀጠሮዎን አያሳልፉ።

አሁን ምን ያድርጉ?

• በአገራችን ብዙ ሰው ላይ የሚገኘው ኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ በ1994 ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። በትንፋሽ ወይም በሰገራ ይመረመራል፤ በአንቲባዮቲክም ይታከማል። ምርመራው ያስፈልግዎት እንደሆነ ጂፒዎን ይጠይቁ።

• ለመዋጥ ከተቸገሩ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ቶሎ ከጠገቡ ወይም ሕመሙ ካልለቀቀዎት በተልባና በኦሜፕራዞል እያስታገሡ አይቆዩ፤ ክላፋም ያለውን ጂፒዎን ያነጋግሩ።

• ደም ካስታወከዎት ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ ወይም 999 ይደውሉ።

• «ጨጓራ አለብኝ» ብቻ አይበሉ። በአማርኛ ቃርም፣ መንፋትም፣ ቁስለትም «ጨጓራ» ስለሚባል ሐኪሙ ሊለየው አይችልም። የት እንደሚያምዎት፣ መቼ እንደጀመረና ምን ያህል እንደከሱ ይንገሩ። ከቤተሰብዎ በጨጓራ ካንሰር የታመመ ካለም አይደብቁ።

• ልጅዎ አያስተርጉምልዎ። ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ክፍያ የለውም።