ስለ ስኳር ኦቾሎኒ አሠራርና ስለ ጥንቃቄው

ባልትና በእጅ ልማድ ብቻ የሚሠራ እንጂ ትምህርት የሚያስፈልገው ሙያ አይደለም የሚሉ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን ከአክስቴ ጋር ስኳር ኦቾሎኒ ለመሥራት በሞከርሁባቸው ሳምንታት፣ በክፍል የተማርሁትን ፊዚክስና ባዮሎጂ ከከሰል ምድጃ አጠገብ አገኘሁት። ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች የሥራውን አካሄድ ከነምክንያቱ ለመግለጽ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። በተለይ ሁለት ነገሮችን አስረዳለሁ፤ አንደኛው ፍሬው ስኳር ከመልበሱ በፊት ስለሚደረግለት ለቀማ፣ ሁለተኛው ስኳሩ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሚፈላበት ሁኔታ ነው።

አክስቴ ከቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ፣ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ከቆመበት ትንሽ ራቅ ብላ፣ የገብስ ቆሎና የተቆላ ኦቾሎኒ በስኒ እየሰፈረች ትሸጣለች። በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱና ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄዱ፣ የዘወትር ደንበኞቿም አብረው ተበተኑ። መንገደኛን የሚያስቆም አዲስ ነገር ማቅረብ ግዴታ ሆነባት። እኔም በአንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የመጣ የስኳር ኦቾሎኒ አሠራር አግኝቼ ነበርና፣ «እትዬ፣ ይህን እንሞክር» አልኋት። እሷም «እሺ፣ ግን የሚጠፋው ስኳር የእኔ መሆኑን አትርሳ» ብላ ፈቀደችልኝ።

ኦቾሎኒ ምንድን ነው?

ኦቾሎኒን ብዙ ሰው ለውዝ ብሎ ይጠራዋል። ለውዝ የሚለው ቃል በዐረብኛ የሌላ ዛፍ ፍሬ ስም ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ የአሮን በትር አፈራችው የተባለው ፍሬም ያው የዛፉ ለውዝ ነው። ኦቾሎኒ ግን የዛፍ ፍሬ አይደለም፤ ዘመዶቹ ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ናቸው። አበባው ከመሬት በላይ ያብባል፤ ከዚያ በኋላ ከአበባው ሥር ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ወደ አፈር ይገባና ፍሬው ከመሬት በታች ያድጋል። ከ100 ግራም ኦቾሎኒ ውስጥ 25 ግራም ያህሉ ፕሮቲን፣ ግማሽ የሚጠጋው ደግሞ ዘይት ነው።

የተክሉ የመጀመሪያ አገር ደቡብ አሜሪካ ነው። ፖርቱጋሎች ወደ አፍሪካ አመጡት፤ ከዚያም በባሪያ ንግድ ዘመን ከአፍሪካውያን ጋር ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገረ። በዚያም በደቡባዊ ግዛቶች የድኾች ምግብ ሆኖ ቆየ። በባርነት ተወልዶ በኋላ የታወቀ የእርሻ ሊቅ የሆነው ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር፣ በ1916 እ.ኤ.አ. በአላባማ ግዛት ከሚገኘው የቱስኬጊ ተቋም ኦቾሎኒን ለምግብ ስለማዘጋጀት 105 ዘዴዎችን የያዘ መጽሔት አሳተመ። ዓላማውም ጥጥ ብቻ እየዘሩ መሬታቸው የደከመባቸውን ገበሬዎች መርዳት ነበር፤ ኦቾሎኒ እንደ ባቄላ ሁሉ ናይትሮጅን ወደ አፈር ይመልሳልና። በአገራችን ደግሞ በምሥራቅ ሐረርጌ፣ ይልቁንም በባቢሌ አካባቢ፣ ኦቾሎኒ የታወቀ ምርት ነው።

ፍሬን በስኳር መለበጥም እንዲሁ አገር ለአገር የዞረ ሙያ ነው። ፈረንሳዮች በዛፉ ለውዝ ይሠሩት የነበረውን በኒው ኦርሊንስ ከተማ ያሉ ባለሙያዎች በአገራቸው በሚበቅለው ፒካን በተባለ ፍሬ ሠሩት፤ ቅቤና ወተትም ጨመሩበት። እኛ ደግሞ በኦቾሎኒ እንሠራዋለን፤ ቅቤና ወተቱንም ትተነዋል፤ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም የሚጾም ደንበኛ እንዲበላው ነው።

ስለ ለቀማው

አክስቴ ለሙከራው 5 ኪሎ ጥሬ ኦቾሎኒ ገዛች። በሰፌድ አድርጋ ስትለቅም ጥቁር ነጥብ ያለበት፣ የጨረጨሰ፣ የተሰበረና ሻጋታ የያዘው ፍሬ እየበዛ ሄደ። በመጨረሻ ስንመዝነው 1 ኪሎ ያህል ሆነ። ከአምስቱ አንዱ ሊጣል ነው ማለት ነው። እኔም ገንዘቡ አሳዝኖኝ፣ «እትዬ፣ ለተራው ቆሎ ባይሆን እንኳ ለስኳሩ ይሁን፤ ስኳር ከሸፈነው ማን ያየዋል?» አልኋት። እሷም ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ «አንተ ልጅ፣ የሚገዛኝ ሰው እኮ የእኔን ዓይን አምኖ ነው የሚበላው» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እኔ ግን ነገሩን ቀላል ለማድረግ ፈልጌ፣ እንግዲያው ለጎረቤት ዶሮዎች እንስጠው አልሁ። በማግስቱ ይህንኑ ለባዮሎጂ መምህራችን ብነግራቸው፣ «ዶሮዎቹንም አትግደላቸው» ብለው የሚከተለውን አስረዱኝ።

በ1960 እ.ኤ.አ. (በ1952 ዓ.ም. ገደማ) በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ታላላቅ ዶሮዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ ማለቅ ጀመሩ። ከ100,000 በላይ ሞቱ። ሊቃውንት ቢመረምሩ ጥፋቱ የተገኘው ከመኖው ነው፤ መኖው ከብራዚል የመጣ፣ ሻጋታ የነካው የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር። ሻጋታው አስፐርጊለስ ፍላቨስ ይባላል፤ የሚያወጣውም መርዝ ከዚሁ ስም ተወስዶ አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲበላም በሰው ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተመረመሩ ኦቾሎኒዎችም ውስጥ ተገኝቷል። ሻጋታው የሚበረታው ፍሬው በማሳ ላይ በድርቅ ሲጎዳ፣ ወይም ተለቅሞ ሳይደርቅ በእርጥብ ቦታ ሲከማች ነው።

ከዚህም የሚከፋው መርዙ ሙቀትን መቻሉ ነው። መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስኳርም አያጠፋውም፤ ይልቁንም መጥፎው ፍሬ የሚታወቅበትን መልክና ምሬት ይደብቃል። ስለዚህ በተራ ቆሎ ላይ የሚደረገው ለቀማ በስኳር ኦቾሎኒ ላይ እጥፍ መሆን አለበት። ተራውን ቆሎ የሚበላ ሰው መጥፎውን አይቶ ይጥለዋል፤ ስኳር የለበሰውን የሚበላ ግን ይህን ዕድል በእኛ እጅ ተነጥቋል።

ለለቀማው የሚከተሉት ይጠቅማሉ፤ በመጀመሪያ ፍሬው ደረቅና ጽኑ፣ ሽታውም ንጹሕ መሆኑን አይቶ መግዛት፤ ቀጥሎ የጨረጨሰውን፣ የጠቆረውን፣ የሻገተውንና የተሰበረውን በብርሃን ለይቶ መጣል፤ የተረፈውን ነፋስ በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ። መርዙ ራሱ በዓይን አይታይምና ለቀማ አደጋውን እጅግ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስወግድም። ስለዚህም ከብዙ ፍሬ መካከል ብዙው የሻገተ ሆኖ ከተገኘ፣ የቀረውንም አለመጠቀም ይሻላል። እኛም መምህራችን እንዲህ ስለ መከሩን 5 ኪሎውን በሙሉ ትተን ሌላ ገዛን። ለአክስቴ የአንድ ሳምንት ትርፏ በዚሁ ሄደ።

ስለ ስኳሩ

በሁለተኛው ፍሬ ሥራውን ጀመርን። መጽሐፉ «የስኳሩ ውሃ 115 ዲግሪ ሲደርስ ፍሬውን ጨምር» ይላል። እኔም የሙቀት መለኪያ ይዤ ልክ 115 ዲግሪ ሲሆን ፍሬውን ገለበጥሁት። በዚያው ቅጽበት ስኳሩ እንደ ድንጋይ ጓጎለ። ግማሹ ፍሬ በአንድ ላይ ተጣበቀ፤ ግማሹ ምንም ሳይነካው ቀረ። አክስቴም በማማሰያው ጫፍ ጓሉን እየመታች፣ «መጽሐፍህ ከሰል አያውቅም እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ጥፋቱ ግን የከሰሉ አልነበረም። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ ከላይ የሚጫነው አየር ቀላል ነው፤ ስለዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በውሃ የተበጠበጠ ስኳርም እንደዚሁ ነው። ሲፈላ ውሃው እየተነነ ስኳሩ ይወፍራል፤ በወፈረም መጠን የመፍያው ሙቀት ከፍ ይላል። ስለዚህ ሙቀቱ የሚነግረን በውስጡ የቀረውን የውሃ መጠን ነው። በባሕር ጠረፍ 115 ዲግሪ የደረሰ ስኳር ገና ለስላሳ ነው፤ በአዲስ አበባ 115 ዲግሪ የደረሰ ግን ውሃው ከሚገባው በላይ አልቆበታል። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ የተጻፈበት አገር ግን ሌላ ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አፍልቶ መለካት ነው። በእኛ ቤት 92 ሆነ። ከ100 ሲቀነስ 8 ይቀራል። ይህንኑ 8 ከመጽሐፉ 115 ስንቀንስ 107 እናገኛለን። በ107 ዲግሪ ስንጨምር ሥራው ሠመረ። የሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው አንዲት ጠብታ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ይጣል፤ በጣት መካከል ለስላሳ ድቡልቡል ከሆነች ጊዜው ደርሷል።

የአሠራሩ ተራ

ለግማሽ ኪሎ የተለቀመ ኦቾሎኒ 250 ግራም ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል።

1ኛ. ኦቾሎኒውን ከነገለፈቱ በብረት ምጣድ ለጋ አድርጎ መቁላት። ኋላ በስኳሩ ውስጥ ስለሚበስል አሁን ፈጽሞ እንዲበስል አያስፈልግም። ገለፈቱ ስኳሩን ይይዛልና አይላጥ።

2ኛ. ስኳሩንና ውሃውን በሰፊ ድስት አድርጎ፣ ስኳሩ እስኪሟሟ አማስሎ፣ ከዚያ ሳይነኩ ማፍላት።

3ኛ. ከላይ በተነገረው ልክ ሲደርስ ኦቾሎኒውን ጨምሮ ያለማቋረጥ ማማሰል። ወዲያው ስኳሩ ነጭ አሸዋ መስሎ ፍሬውን ይለብሳል። ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛው ይልቅ ብዙ ስኳር ይይዛል፤ ውሃው ሲያልቅና ሲማሰል ግን ስኳሩ እንደገና ጥራጥሬ ይሆናል። ይህን ያየ ጀማሪ ተበላሸ ብሎ እንዳይደነግጥ።

4ኛ. ከሰሉን አመድ አልብሶ እሳቱን ማብረድና ማማሰሉን መቀጠል። አሸዋው ከሥር ቀልጦ ማር መምሰል ይጀምራል። እዚህ ላይ ውሃው አልቋልና የ8 ዲግሪው ቅናሽ አይሠራም፤ ስኳር የሚቀልጥበትና የሚጠቁርበት ሙቀት በከፍታ አይለወጥም። መልኩ የማር ሲሆን ወዲያው ማውጣት ነው፤ ድስቱ ራሱ ገና ይጠብሳልና የዘገየ ሰው ምሬት ይተርፈዋል።

5ኛ. ጨውን በትኖ፣ በዘይት በታሸ ትሪ ላይ ገልብጦ፣ ሳይደርቅ በሁለት ማንኪያ መለያየት። ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ በሚከደን ደረቅ ዕቃ ማኖር፤ እርጥበት ካገኘው ይጣበቃል።

የቀለጠ ስኳር ከፈላ ውሃ እጅግ የበለጠ ይሞቃል፤ ቆዳም ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ በጣት መቅመስና ሕፃናትን ማስጠጋት አይገባም። ሙሉ ፍሬም ሕፃናትን ሊያንቅ ስለሚችል ከ5 ዓመት በታች ላሉት አይሰጥ። ኦቾሎኒ ሰውነታቸው የማይቀበለው ሰዎችም አሉና ለእንግዳ ከማቅረብ በፊት መጠየቅ ተገቢ ነው።

መደምደሚያ

አሁን አክስቴ በከሰዓት በኋላ፣ ተማሪ ከትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት፣ ስኳር ኦቾሎኒዋን በወረቀት ጠቅልላ ትሸጣለች። ከቀድሞዎቹ ደንበኞቿም አንዳንዶቹ ለጉዳይ ወደ ፒያሳ ሲመጡ እየቆሙ ይገዟታል። ሰፌዱ ግን እስከ ዛሬ ከምድጃው ይቀድማል። ከሥራው ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው እሱ ነው፤ ገዢው ፈጽሞ የማያየውም እሱ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ለቀማውን ዘልዬ ወደ ስኳሩ ለመሮጥ የፈለግሁት እኔ ነበርሁ። የሙቀት መለኪያ ማንበብን በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ ማንም በማያየው ቦታ በትክክል መሥራትን ግን በአክስቴ ሰፌድ አጠገብ ተማርሁ። እናንተም ተማሪ ጓደኞቼ ሥራውን ስትሞክሩት ከሰፌዱ ጀምሩ፤ ቀጥሎም የገዛ አገራችሁን ውሃ ለኩ። ከዚያ በኋላ ስኳሩ አያስቸግራችሁም።