የለሰለሰ የፍሬን ፔዳል ፤ ምክንያቱና አመረማመሩ

ከመጋዘን ወደ ሱቅ፣ ከገበሬው አውድማ ወደ ከተማ የሚመላለሰው ዕቃ አብዛኛው የሚጓዘው በጭነት መኪና ነው። ከነዚህም መኪናዎች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። ነጋዴው ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ጎማው ዋጋ አጥብቆ ሲጠይቅ፣ ሾፌሩ «ፍሬኑ ትንሽ ለስልሷል» ያለውን ቃል ግን ብዙ ጊዜ በቸልታ ያልፈዋል። ሾፌሩም ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ እየረገጠ መንዳትን ይለምዳል። ይህ ልማድ በከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ቀን ሊያስገፋ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው፣ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነው መንገድ ላይ ግን ደጋግሞ ለመርገጥ ጊዜ አይገኝም።

እዚህ የሚነገረው በፈሳሽ ግፊት ስለሚሠራው ፍሬን ነው ፤ በታላላቅ ካሚዮኖች ላይ ያለው የአየር ፍሬን አሠራሩ ሌላ ነውና። በፈሳሽ የሚሠራው ፍሬን የእግርን ኃይል ወደ መንኰራኵር የሚያደርሰው ፈሳሽ ነገር በግፊት የማይጨመቅ ስለሆነ ነው። አየር ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ፣ ወይ በመስመሩ ውስጥ የሚጨመቅ ነገር ገብቷል፣ ወይም ከመስመሩ አንዱ ክፍል እየተለጠጠ ነው ማለት ነው።

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ፣ ጎማው በድንጋይ ተደግፎ፣ ፔዳሉ ሦስት አራት ጊዜ በተከታታይ ይረገጥ። ከፍ ብሎ ከመጣና እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ ርቋል ፤ ሸራው ቢስተካከል ይበቃል። ከፍ ብሎ ከመጣ በኋላም እንደ ላስቲክ የሚመልስ ከሆነ ግን አየር መኖሩን ያመለክታል። ቀጥሎ ፔዳሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሳይለቀቅ ተረግጦ ይያዝ። በዝግታ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ከሆነ ፈሳሹ እያመለጠ ነው። ከውጭ እርጥበት ካልታየ፣ የማጠራቀሚያውም ልክ ካልጎደለ፣ ጥፋቱ በፍሬን ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ተበልቶ ፈሳሹን ወደ ኋላ ማሳለፉ ነው። በዚህ ላይ የሚጠራጠር ሰው መኪናውን ከስፍራው ባያንቀሳቅስ ይሻላል ፤ ይልቁንም የፍሬኑ መስመር አንድ ብቻ በሆነበት በድሮ መኪና ላይ፣ አንዱ ስፍራ ሲከዳ አራቱም እግር በአንድ ጊዜ ይከዳልና።

የጎማ ቱቦዎችም እንዲሁ መታየት አለባቸው። አንድ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው ቱቦውን በእጁ ይጨብጥ ፤ ያረጀ ቱቦ በመዳፍ ውስጥ ሲያብጥ ይታወቃል። ሸራው በቅርቡ ተለውጦ ከሆነ ደግሞ፣ አዲሱ ሸራ የታምቡሩን ክብነት ይዞ እስኪገጥም ድረስ ፔዳሉ ጥቂት ሊለሰልስ ይችላል።

ሾፌሮችን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው በቁልቁለት ብቻ የሚለሰልሰው ፔዳል ነው። ጠዋት ጠንካራ ነው ፤ ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ወለል ይነካል ፤ አንድ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠነክራል። ጋራዥ ሲደርስ መካኒኩ ምንም አያገኝበትም። ምክንያቱ ፈሳሹ ከአየር ላይ ውሃ የሚስብ መሆኑ ነው። ዶት 3 የተባለው ፈሳሽ አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው ፤ ከመቶ 4 እጅ የማይሞላ ውሃ ሲገባበት ግን ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የዶት 4 ልክ 230 እና 155 ነው። ፈሳሹ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል ፤ እንፋሎትም እንደ አየር ይጨመቃል። ይህ ሸራው ራሱ ግሎ ከመያዝ ከሚደክምበት ሁኔታ የተለየ ነው ፤ በዚያን ጊዜ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አይቆምምና። ለሁለቱም ቢሆን በከባድ ማርሽ መውረድ ይረዳል ፤ ያረጀውን ፈሳሽ ግን በአዲስ ከመለወጥ በቀር መድኃኒት የለውም።

ባለሱቁ ከጉዳዩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በተለምዶ «የፍሬን ዘይት» መባሉ ብዙ ሰው አሳስቷል። ዶት 3 እና ዶት 4 ከስማቸው በቀር ከሞተር ዘይት ጋር ዝምድና የላቸውም ፤ የሞተር ዘይት የተጨመረበት ፍሬን ጎሚኒው ሁሉ አብጦ ይበላሻል፣ መስመሩንም በሙሉ ፈትቶ ማጠብና ጎሚኒና ቱቦ መለወጥ ግድ ይሆናል። የማጠራቀሚያው ክዳን ላስቲክ አብጦ መገኘቱ የዚህ ስሕተት ምልክት ነው። ቁጥሮቹም ያደናግራሉ። ዶት 5.1 ከዶት 3 እና ከ4 ጋር አንድ ዘር ሲሆን፣ ዶት 5 ግን ከሲሊኮን የተሠራ ስለሆነ ከነርሱ ጋር አይቀላቀልም። አንዴ የተከፈተ ጣሳ ክዳኑ ቢገጠምም ከርሞ እንደ አዲስ ሊሸጥ አይገባውም። በውሃ ጠርሙስ እየቀዱ መሸጥም እንዲሁ። ስለዚህ አስመጪው ትናንሽ ጣሳ ቢያዝ ለገዥውም ለሻጩም ይበጃል።

አየሩን ማስወጣት ሲያስፈልግ ከፍሬን ማስተሩ በጣም ከሚርቀው እግር ተጀምሮ ወደ ቅርቡ ይመጣል ፤ ማጠራቀሚያውም እስከ መጨረሻው ባዶ እንዳይሆን ይጠበቃል። ጋራዦች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። በአሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ፣ በማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ከዚህ በፊት ደርሶበት በማያውቀው፣ ዝገት በያዘው ክፍል ላይ ይንሸራተትና ይቀደዳል። ጥሩ የነበረው ማስተር በጥገናው ቀን ይሞታል። ይህን ለመከላከል ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ማኖር ይበቃል። የወጣውም ፈሳሽ ተመልሶ አይጨመር። ሥራው ካለቀ በኋላ መኪናው መጀመሪያ ባዶውን ይሞከር፣ የአንድ ደቂቃውም ፈተና ይደገም ፤ ጭነቱ የሚጫነው ከዚያ ወዲያ ነው።