በአቀበት ላይ ስለሚደርስ የትንፋሽ ማጠርና የልብ ትርታ

ከዛሪማ ተነሥቶ የሊማሊሞን አቀበት በእግሩ የወጣ ሰው፣ ደባርቅ ሲደርስ ልቡ ደረቱን ይደልቀዋል፤ ትንፋሹም ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ይህ ሕመም ነውን? ብዙውን ጊዜ አይደለም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ የብርቱ ሕመም መነሻ ምልክት ስለሚሆን፣ የተፈጥሮ የሆነው ከሕመሙ በምን እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ እንመልከት። የሰው ጡንቻ ሥራ ሲበዛበት ኦክሲጅን የሚባለውን የአየር ክፍል አብዝቶ ይፈልጋል። ይህንን ከአየር የሚቀበለው ሳንባ፣ ተሸክሞ የሚያደርሰው ደም፣ ደሙን የሚገፋው ደግሞ ልብ ነው። ስለዚህ እግር አቀበት ሲይዝ ሳንባ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ልብም ትርታውን ያፈጥናል። ዐርፎ የተቀመጠ ጤነኛ ዐዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ በብርቱ ሥራ ጊዜ ግን የወጣት ልብ ከ150 በላይ ቢመታ አያስደንቅም። ሸክሙን አውርዶ ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ ትርታው እየቀነሰ፣ ትንፋሹም እየሰከነ ከሄደ፣ አካሉ ተግባሩን ፈጸመ እንጂ አልታመመም።

በደጋ አገር ሌላ ምክንያት ይጨመራል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ በባሕር ጠረፍም ሆነ በተራራ ላይ ከመቶ 21 እጅ ገደማ ነው፤ ነገር ግን ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ራሱ ይሳሳል። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ባላት በደባርቅ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገባው ሰባት ዐሥረኛው ያህል ነው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ዳሸን ጫፍ ደግሞ ከስድስት ዐሥረኛ ያንሳል።

ታዲያ የስሜን ሰው እንዴት ይኖራል? ይህ ጥያቄ የውጭ አገር ሊቃውንትንም ወደዚህ አምጥቷል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የደባርቅንና 1,500 ሜትር ላይ የሚገኘውን የአዲ አርቃይን ነዋሪዎች አካል አነጻጽረው፣ ጽሑፋቸውን በ1969 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ3,530 ሜትር ከፍታ በሚኖሩ የስሜን ሰዎች ላይ ያደረጉት ምርመራ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ደም በከፍታው ምክንያት ሲወፍር፣ የቲቤት ሰዎች ደም የሚይዘው ኦክሲጅን ደግሞ ሲያንስ፣ የስሜኖቹ ግን በሁለቱም ከቆላ ሰው እጅግም ሳይለይ ተገኝቷል። እንግዲህ ተወልዶ ባደገበት አቀበት ላይ አዲስ ማለክለክ የጀመረው ሰው «አገሩ ደጋ ነውና ነው» ቢል፣ ምክንያቱ አጥጋቢ አይመስለንም። አምና የወጣውን ዳገት ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ዐርፎ የሚወጣ ከሆነ፣ ዳገቱ አልተለወጠም።

ይህ በተለይ የሚመለከተው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ወርደው የሚመለሱትን ነው። በቆላ የሰነበተ ሰው ወደ ደጋ ሲመለስ ለጥቂት ቀናት ቢያለከልክ የሚጠበቅ ነው። ካልተሻለው ግን ደሙን መመርመር ይገባል፤ ወባ ደምን ያጠፋልና። ከወባም ሌላ፣ በግራር ሥር ለሚያድሩ ሠራተኞች ከትንኝ በምታንስ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላ አዛር አለ። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል፤ ሰውነት ይከሳል፤ በግራ ጎን ያለው ጣፊያ ያብጣል፤ ደምም ያንሳል። ካልታከመ ይገድላል፤ መድኃኒት ግን አለው። በሽተኛው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሳይጠየቅ በቆላ መሰንበቱን ይናገር። በደጋ ልብስ ተሸፋፍኖ የመጣን ሰው አይቶ ሑመራ ነበር ብሎ የሚገምት ሐኪም የለምና።

ደም ማነስ ነፍሰ ጡሮችንና ወልደው ብዙ ደም የፈሰሳቸውን ሴቶችም ያጠቃል። የታችኛው የዐይን ቆብ ውስጡ፣ የእጅም መዳፍ ነጣ ብሎ ቢታይ፣ እንስራ ተሸክማ ስትወጣ ልቧ የሚመታባት ስለ ስንፍና እንዳይደለ ቤተ ሰቡ ይወቅ።

በልጆችና በወጣቶች የሚያሠጋው ግን ሌላ ነው። በሚገባ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ እብጠት አስከትሎ የልብን በሮች ሊያበላሽ ይችላል። ልጁ የዳነ ይመስላል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ከጓደኞቹ ጋር መሮጥ ያቅተዋል፤ ልጅቱም በመጀመሪያ እርግዝናዋ ትንፋሽ ያጥራታል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም፤ ደም መፍሰስንና መመረዝን ይጨምራል እንጂ። የሚከላከለው በጊዜው የተወሰደ የፔኒሲሊን ሕክምና ነው። ሕመሙ አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እንዲወጋ ከታዘዘለት፣ ደኅና ነኝ ብሎ ማቋረጥ የለበትም።

በጭስ በታፈነ ቤት ዘወትር ኩበት ማንደድ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ እንቅርት፣ የበዛ ቡና፣ ድንጋጤም እንኳ ለዚሁ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ።

በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያለከልክ፣ በጀርባው መተኛት አቅቶት ቁጭ ብሎ የሚያድር፣ እግሩ ያበጠ፣ ደረቱን የሚያመው ወይም አቀበት ላይ ራሱን የሚስት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ በቃሬዛ እንጂ በእግሩ አይሂድ። ከቆላ ወደ ስሜን ተራሮች የወጣ እንግዳም ራሱን አሞት፣ አስመልሶት፣ ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ያውርዱት።

ትርታን ለመቁጠር ሰዓት ያለው ሰው ይበቃል። ጧት ከመኝታ ሳይነሡ ሁለት ጣቶችን በእጅ አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል አሳርፎ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ቁጥሩ ለብዙ ቀን ከ100 በላይ ከሆነ፣ ወይም ምቱ እየዘለለ ከተዛባ፣ የየቀኑን ጽፎ ለሐኪሙ ማሳየት ነው።